ከንፈራቸውን አይተሻል? በአሜሪካ ሆስፒታሎች ለምትሠሩ የአገሬ ልጆች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በአሜሪካ ሆስፒታሎች፣ ክሊኒኮችና የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤቶች ለምትሠሩ ነርሶች፣ ረዳቶች፣ የላቦራቶሪና የፋርማሲ ባለሙያዎች፤ በያላችሁበት ሰላም ለእናንተ ይሁን።

በዚህ አገር በነርስነት ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። አብዛኛውን ዘመኔን ያሳለፍኩት በሌሊት ተረኝነት ነው። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ እንድጽፍ ያደረገኝ ባለፈው የበረዶ ወራት አንድ ሌሊት ያየሁት ነገር ነው።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ሰባ ዓመት ያለፋቸው አንድ ጥቁር አሜሪካዊ አዛውንት በሳንባ ምች ተኝተዋል። ጣታቸው ላይ የተሰካው የኦክስጅን መለኪያ 94 ይላል። እርሳቸው ግን አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው፣ ሁለት እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ ተክለው «አየር አነሰኝ» ይላሉ። ተረኛዋ ነርስ የአገራችን ልጅ ናት። ከተመረቀች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ሥራ ወዳድና ሰው አክባሪ ናት። ሦስት ጊዜ ገብታ ቁጥሩን አንብባ፣ «ኦክስጅንዎ ደህና ነው፤ ጭንቀት ይሆናል» ብላ ወጥታለች። በአራተኛው እኔን ጠራችኝ። የኪስ ባትሪዬን አብርቼ የታችኛውን ከንፈራቸውን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ድዳቸው አመድ መስሏል። ሐኪሙ መጥቶ ከእጃቸው አንጓ ከደም ቅዳ ቧንቧ ደም ተቀድቶ ሲመረመር ውጤቱ 85 ሆነ። ወዲያው ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ወሰድናቸው።

ነገሩ ሲረጋጋ ልጅቱን በኮሪደሩ አገኘኋትና «ከንፈራቸውን አይተሻል?» አልኳት። ዓይኗ እንባ ሞላ። «እትዬ፣ እኔ የሰው ቀለም አላይም፤ ለእኔ ሰው ሁሉ እኩል ነው» አለችኝ።

ቅን መልስ ነበር። ያስደነገጠኝም ቅንነቱ ነው። ይህች ልጅ በሰው ልጅ ላይ ክፉ ሐሳብ የላትም። ከትምህርት ቤትም፣ ከሥራ ማሠልጠኛውም፣ ከደጉ ልቧም የተማረችው ነገር ቢኖር ቀለምን ማየት በራሱ ነውር እንደሆነ ነው። ስለዚህ ዓይኗን መለሰች። ዓይኗን በመለሰችበት ቅጽበት ደግሞ አንድ ሰው አየር አጥቶ ሊሞት ነበር።

እኔም እንደ እርሷ ነበርኩ፤ ሐሰት አልናገርም። ወደዚህ አገር ስመጣ የቀለም ጉዳይ እሳት እንደሆነ ሰማሁና እሳቱን ላለመንካት ወሰንኩ። ከአገር ቤት ስንወጣ «ዘረኛ» የሚለውን ቃል የምናውቀው በአብዛኛው በብሔር ጉዳይ ነው፤ የቆዳ ቀለም የሰውን ዕድል የሚወስንበት አገር ምን እንደሚመስል አናውቅም ነበር። የማያውቅ ሰው ደግሞ ዝም ማለትን እንደ ጨዋነት ይቆጥራል። ዝምታዬ ጨዋነት አለመሆኑን ያስተማሩኝ ሕመምተኞቼ ናቸው።

እስቲ ከዚያች ጣት ላይ ከምትሰካው መሣሪያ እንጀምር። በየቀኑ መቶ ጊዜ እንነካታለን፤ እንዴት እንደምትሠራ ግን ስንቶቻችን አስበን እናውቃለን? መሠረቷን የጣለው ታኩኦ አኦያጊ የተባለ ጃፓናዊ መሐንዲስ ነው፤ ጊዜውም በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። (በዚህ ደብዳቤ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) መሣሪያዋ ሁለት ብርሃን በጣት ውስጥ ታሳልፋለች፤ አንዱ ቀይ፣ ሌላው ለዓይን የማይታይ ታሕተ ቀይ ብርሃን ነው። ኦክስጅን የያዘ ደምና ያልያዘ ደም ሁለቱን ብርሃኖች የሚውጡት በተለያየ መጠን ስለሆነ፣ ከዚያ ልዩነት ቁጥሩን ታሰላለች። ብርሃኑ ደሙ ዘንድ ከመድረሱ በፊት ግን በቆዳ ያልፋል። ቆዳን የሚያጠቁረው ሜላኒንም ብርሃን ይውጣል። ስሌቱ የተስተካከለው በአብዛኛው ፈካ ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ከሆነ፣ በጠቆረው ቆዳ ላይ ስትደርስ ትሳሳታለች። የምትሳሳተውም አደገኛ በሆነው በኩል ነው፤ የሌለ ኦክስጅን አለ ትላለች።

ይህ ትናንት የታወቀ ነገር አይደለም። በ1990 በመተንፈሻ መሣሪያ በሚረዱ ሕሙማን ላይ ተጠንቶ፣ ስሕተቱ በጥቁር ሕሙማን ላይ እንደሚበዛ ታትሟል። ሠላሳ ዓመት መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። ኮቪድ መጣና አንድ ቁጥር ሰው ወደ ቤቱ ይመለስ ወይስ አልጋ ያግኝ የሚለውን የሚወስን ሆነ። በ2020 መጨረሻ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ10,000 በላይ ጥንድ ልኬቶችን መርምረው ውጤቱን አወጡ። መሣሪያዋ ከ92 እስከ 96 እያሳየች በደም ምርመራ ግን ከ88 በታች የወረዱት ከነጮቹ ልኬቶች 3.6 በመቶ ሲሆኑ፣ ከጥቁሮቹ ልኬቶች 11.7 በመቶ ነበሩ። ሦስት እጥፍ ማለት ነው። የአዛውንቱ 94 የዚያ 11.7 በመቶ ታሪክ ነው።

ይህን ስሕተት የፈጠረው ጥላቻ ነው ለማለት አልደፍርም። መሐንዲሱ ጥቁር ሰው ይሙት ብሎ አልሠራም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2013 ባወጣው መመሪያ መሣሪያው ሲሞከር ከተሳታፊዎቹ ቢያንስ 2 ሰዎች ወይም 15 በመቶ ጠቆር ያለ ቆዳ ያላቸው እንዲሆኑ ይጠይቅ ነበር። ሁለት ሰው! ምን ያህል የጠቆረ እንደሆነ የሚለካበት መንገድም በቅጡ አልተነገረም። በ2021 ማስጠንቀቂያ ወጣ፤ በጥር 2025 ደግሞ የተሳታፊዎቹ ቁጥር እንዲበዛና የቆዳቸው ቀለም በመለኪያ እንዲመዘገብ የሚጠይቅ ረቂቅ ቀረበ። ልብ በሉልኝ፦ መድኃኒቱ ቀለምን አለማየት አልነበረም። በትክክል ማየት፣ መለካትና መመዝገብ ነው መድኃኒቱ።

መሣሪያውን ትተን በዓይናችን የምናየውን እንውሰድ። በትምህርት ቤት የተሰጡን ሥዕሎች አብዛኞቹ የነጭ ቆዳ ሥዕሎች ነበሩ። ኦክስጅን ያነሰው ሰው «ሰማያዊ ይሆናል»፤ የአልጋ ቁስል ሲጀምር «ቆዳው ይቀላል» ተባልን። በጠይም ወይም በጥቁር ገላ ላይ ያ ሰማያዊ አይታይም፤ ግራጫ ወይም አመድ የሚመስል ነገር ነው የሚታየው፤ እርሱም በድድ፣ በምላስ፣ በከንፈር ውስጠኛ ገጽና በጥፍር ሥር ይፈለጋል። የአልጋ ቁስል ሲጀምር መቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ በእጅ ጀርባ ዳስሶ ሙቀቱን፣ መደደሩን ወይም መላላቱን በአጠገቡ ካለው ቆዳ ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል። መቅላቱን ስንጠብቅ ቁስሉ ሥጋ ይበላል። ተረከዛቸው ሥር አጥንት እስኪታይ ድረስ ማንም ያላየላቸው እናት አጥቤ አውቃለሁ፤ በመዝገባቸው ላይ ለሦስት ሳምንት «ቆዳ ደህና» ተብሎ ተጽፏል። የጉበት ሕመም ዓይንን ቢጫ ያደርጋል፤ ነገር ግን የጥቁር ሰው የዓይን ነጭ በጤናውም ቢጫ ሊያደላ ስለሚችል ላንቃውን ማየት ይበጃል።

ሕፃን ሲወለድ የምንሰጠውን ነጥብ እንኳ አስታውሱ። ሐኪሟ ቨርጂኒያ አፕጋር በ1953 ያሳተመችው ይህ ነጥብ ስንት ሕፃን እንዳተረፈ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው። ከአምስቱ መመዘኛዎች አንዱ ቀለም ሲሆን ሙሉ ነጥብ የሚያሰጠው መላ ሰውነቱ ሮዝ ሲሆን ነው። የእኛ ልጅ ሮዝ ሆኖ ይወለዳል? ምላሱንና ድዱን የምታይ አዋላጅ ታውቃለች። የማታይ አዋላጅ ወይ ያለ ምክንያት ትደነግጣለች፣ ወይ መደንገጥ ሲገባት ዝም ትላለች።

እስካሁን ማየት ስላለብን ነገር ተናገርኩ። አሁን ደግሞ ሌላው ፊት ይምጣ፤ ማየት መስሎ የቀረበ ፍርድ።

ኩላሊት ምን ያህል እንደሚሠራ ለማወቅ ከጡንቻ ወደ ደም የሚገባ፣ ኩላሊት የሚያጣራው ክሪያቲኒን የተባለ ተረፈ ምርት ይለካና በቀመር ይሰላል፤ ውጤቱ ባነሰ ቁጥር ኩላሊቱ ደክሟል ማለት ነው። ከ1999 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ቀመር፣ ሕመምተኛው ጥቁር ከሆነ ውጤቱን በ1.2 ገደማ ያበዛ ነበር። በ2009 የመጣው ተተኪው ደግሞ በ1.159 ያበዛል። ምክንያቱ ምን ነበር? በጥናቱ ውስጥ የነበሩ ጥቁር ሰዎች በአማካይ ክሪያቲኒናቸው ከፍ ብሎ ስለተገኘ «ጥቁሮች ጡንቻቸው ይበዛል» የሚል ግምት ተሰጠበት። ግምቱ ቀመር ሆነ፤ ቀመሩ ኮምፒውተር ገባ፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልጠየቀም። የአልጋ ቁራኛ የሆኑ ዐርባ ኪሎ የማይሞሉ አሮጊትም፣ በሽታ ያመነመነው ጎልማሳም፣ ጥቁር ከተባሉ ጡንቻቸው የበዛ ሰው ተደርገው ተሰሉ።

ስሌቱን በእጃችሁ ሥሩት። ኩላሊቱ 18 ላይ የደረሰ ሰው ነጭ ከሆነ 18 ተብሎ ይጻፋል። ጥቁር ከሆነ 18 በ1.159 ይባዛና 20.9 ይሆናል። በዚህ አገር ሰው ለኩላሊት ንቅለ ተከላ ወረፋ ጊዜ የሚቆጠርለት ቁጥሩ 20 ሲደርስ ወይም ከዚያ ሲወርድ፣ አለዚያም እጥበት ሲጀምር ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ኩላሊት ያላቸው ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ወረፋ ይዟል፣ ሌላው ገና «ደህና» ነው። ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይሄዳሉ።

ይህ ነገር እኛን አይመለከትም የምትሉ ካላችሁ፣ በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ታክሲ ሲነዱ የኖሩ አንድ የአገራችን ሰው ታሪክ ልንገራችሁ። በእጥበት ክፍል ነው ያወቅኋቸው። «ለመሆኑ ጥቁር መሆንዎን ማን መዘገበ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አሰቡና «ቅጹን የሞላችልኝ ልጅ ናት፤ ቀና ብላ አየችኝና ጻፈች» አሉኝ። አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ቀና ብላ ያየችበት ቅጽበት የአንድን ሰው ኩላሊት ቁጥር ለወጠ። ስለ ጡንቻቸው የጠየቃቸው አልነበረም። እናታቸው ከየት እንደሆኑ፣ ምን እንደሚበሉ፣ ክብደታቸው ምን ያህል እንደቀነሰም የጠየቃቸው የለም።

በመስከረም 2021 የአሜሪካ የኩላሊት ማኅበራት ያቋቋሙት ግብረ ኃይል ያ ማባዣ ከቀመሩ እንዲወጣ ወሰነ። ከጥር 2023 ጀምሮ ደግሞ የንቅለ ተከላ ማዕከላት በወረፋ ላይ ያሉ ጥቁር ሕሙማኖቻቸውን መዝገብ መርምረው የተቀማውን ጊዜ እንዲመልሱ ታዘዙ። ከ14,000 በላይ ሰዎች የወረፋ ጊዜያቸው ታረመ። እኒያ ሰውም ከእነርሱ አንዱ ናቸው፤ ደብዳቤው ሲደርሳቸው አንብቤ የተረጎምኩላቸው እኔ ነበርኩ። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ በጸጥታ «እግዜር ይስጣቸው፤ ግን ያን ጊዜ ሁሉ የት ነበሩ?» አሉ። መልስ አልነበረኝም።

ሳንባ የሚይዘውን አየር የሚለካው መሣሪያም ታሪክ ከዚህ የከፋ ነው። በ1851 ሳሙኤል ካርትራይት የተባለ በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የነበረ ሐኪም፣ ባሪያ ከጌታው መኮብለሉ የአእምሮ በሽታ ነው ብሎ ስም ያወጣለት ሰው፣ የጥቁሮች ሳንባ በተፈጥሮው አየር የሚይዘው በትንሹ ስለሆነ የጉልበት ሥራ ይፈውሳቸዋል ብሎ ጻፈ። የሰውዬው ስም ተረሳ፤ ሐሳቡ ግን በመሣሪያው ውስጥ ቀረ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የጥቁር ሰው ሳንባ ከ10 እስከ 15 በመቶ ያነሰ ቢሆን «ለእርሱ ጤነኛ ነው» እየተባለ ይቆጠር ነበር። በጥጥ አቧራ ወይም በአስቤስቶስ ሳንባው የተጎዳ ጥቁር ሠራተኛ ካሣ ሲጠይቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። የአሜሪካ የደረት ሕክምና ማኅበር ይህ አሠራር እንዲተው የመከረው በ2023 ነው። ከካርትራይት እስከዚያ 172 ዓመት።

እንግዲህ የኦክስጅን መለኪያዋ በደለች፣ ቀለምን ስላላየች። የኩላሊቱ ቀመርም በደለ፣ ቀለምን ስላየ። ታዲያ የቱ ነው ትክክል? ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ከራሴ ጋር ተከራክሬበታለሁ፤ የደረስኩበትም ይህ ነው፦ አንዲት ነርስ የሕመምተኛዋን ገላ አይታ ጥያቄ ከጨመረች ሥራዋን እየሠራች ነው። አይታ ጥያቄ ካቆመች ግን፣ ልቧ ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን፣ የካርትራይትን ሥራ እየሠራች ነው።

ከራሳችን ደም ምሳሌ ልስጥ። ኮዴይን የሚባለው የሕመም ማስታገሻ በጉበት ውስጥ ባለ ኢንዛይም አማካይነት ወደ ሞርፊን ይለወጣል። አንዳንድ ሰዎች ይህን ኢንዛይም የሚሠራውን ዘረ መል ከተለመደው በላይ ደጋግመው ይይዛሉ፤ በእነርሱ ላይ መድኃኒቱ በፍጥነት ሞርፊን ይሆንና ትንፋሽ እስከ ማቆም ሊያደርስ ይችላል። በ1996 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን መካከል 29 በመቶ ያህሉ እንዲህ ዓይነት ሆነው መገኘታቸውን አሳይቷል። በሰሜን አውሮፓ ግን ቁጥሩ ከጥቂት በመቶ አያልፍም። የአሜሪካው የመድኃኒት አስተዳደር በ2017 ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ ከልክሏል፤ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዱት አስጠንቅቋል። አንዲት ወላድ እኅታችን በሕመም ማስታገሻ ላይ ሆና ሕፃኗ ከመጠን በላይ ሲያንቀላፋ የምታይ ነርስ «ከየት ናችሁ?» ብላ ብትጠይቅ ዘረኛ ናት? ያ ጥያቄ ሕይወት ያድናል። ነገር ግን ያው ጥናት ከመቶው ሰባው እንዲህ እንዳልሆነ ይናገራል። ስለዚህ «ኢትዮጵያዊት ናት፤ እንዲህ ናት» ብሎ መደምደም አይቻልም። ይጠየቃል፣ ይመረመራል፣ መድኃኒት ይለወጣል።

ደግሞም ይህን ለማወቅ «ጥቁር» የሚለው ሣጥን ምንም አይጠቅምም። በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ወገኖቻችን ላይ በ2002 የታተመ ጥናት ኦክስጅን ተሸካሚው የደማቸው ክፍል ሄሞግሎቢንም ኦክስጅናቸውም በባሕር ጠለል አካባቢ እንደሚኖር ሰው ሆኖ መገኘቱን አሳይቷል፤ የአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ሄሞግሎቢናቸው ከፍ በማለት፣ የቲቤት ሰዎች በሌላ መንገድ ከፍታውን ተላምደዋል። ሲክል ሴል የሚባለው የደም በሽታ «የጥቁሮች በሽታ» ይባላል፤ የሚከተለው ግን የወባን መንገድ ነው። በግሪክ፣ በሕንድና በሳዑዲ ዓረቢያ ምሥራቃዊ ክፍል ይገኛል፤ በእኛ ደጋ አገር ግን ብርቅ ነው። ስለዚህ ጥቁር ስለሆነ ብቻ ሲክል ሴል አለበት ማለትም፣ ነጭ ስለሆነ የለበትም ማለትም ሁለቱም ስንፍና ነው።

አሁን ወደ ቤታችን ልግባ። እስካሁን ያነበባችሁልኝ ሁሉ በፈረንጅ ላይ የቀረበ ክስ መስሏችሁ ደስ ካላችሁ፣ ደስታችሁ እዚህ ላይ ይብቃ።

አማርኛችን ቀለምን ለማየት አያፍርም። ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጠቆር ያለ እንላለን። «የትኛው ዶክተር ነው?» ስንባል «ጠይሙ፣ ረጅሙ» ብለን እንመልሳለን፤ የሚከፋ ሰው የለም። ይህ ማየት ነው፤ ሰውን ከሰው ለመለየት የሚረዳ የዓይን ሥራ ነው። ግን ያው አፋችን «ጥቁር ናት፤ ግን ቆንጆ ናት» ይላል። ያችን «ግን» ስሟት። ጠይም ናት፣ ቆንጆ ናት ሲባል ሁለት ነገር ተነገረ። «ግን» ሲገባ ቀለሙ ዕዳ ሆነ፤ ውበቱም ዕዳውን መክፈያ። ዘረኝነት ከነሥሩ ያለው «ጥቁር» በሚለው ቃል ውስጥ አይደለም፤ በዚያች «ግን» ውስጥ ነው። በአገራችን ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1942 ነው። «ባሪያ» የሚለው ቃል ግን በልጅነቴ በሰፈራችን የጠቆሩ ልጆች ላይ እንደ ድንጋይ ሲወረወር ሰምቻለሁ፤ እኔም ወርውሬ ይሆናል። የተወረወረባቸው ልጆች ፊት እስከ ዛሬ አይጠፋኝም።

ያችን «ግን» በሻንጣችን ይዘናት መጥተናል። በእረፍት ክፍል፣ በአማርኛ፣ ማንም አይሰማንም ብለን «ጥቁሮቹ» እያልን ስለ ጥቁር አሜሪካውያን የምናወራውን ታውቃላችሁ። እኛ ጥቁር እንዳልሆንን ሁሉ! «ሰባት ቁጥር ክፍል የተኙት እናት ደግመው መድኃኒት ይጠይቃሉ፤ ያው ሱስ ነው» ይባላል። «ጨዋ ናቸው፤ ለጥቁር አሜሪካዊ» ሲባልም ሰምቻለሁ። «እነርሱ ሕመም ይችላሉ» ያለች እኅትም አለች፤ ያን ሌሊት ሕመምተኛዋ በተሰበረ ዳሌ ታቃስት ነበር። በ2016 የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ነጭ የሕክምና ተማሪዎችንና ጀማሪ ሐኪሞችን ጠይቀው፣ ግማሽ ያህሉ የጥቁር ሰው ቆዳ ይወፍራል እንደሚለው ካሉ ሐሰተኛ እምነቶች ቢያንስ አንዱን እንደተቀበሉ አገኙ። እንዲህ ያለ እምነት ያላቸውም የጥቁርን ሰው ሕመም አሳንሰው ገመቱ። ያን ጥናት ሳነብ የተናደድኩት በእነርሱ ብቻ አይደለም። የእኛን የእረፍት ክፍል ማንም መጥቶ ቢያጠናው ምን ይገኝ ነበር?

እነዚህ ሰዎች ለእኛ ባለ ውለታዎች ናቸው። እነርሱ በየአደባባዩ በውሻ እየተነከሱ፣ በውኃ ግፊት እየተመቱ በታገሉት ትግል የ1964 የዜጎች መብት ሕግ ወጣ፤ በማግሥቱ ዓመት፣ በ1965፣ የአውሮፓን ሰው ብቻ ያስቀድም የነበረው የስደተኞች ኮታ ተሻረ። እኔና እናንተ ተረኝነት ደርበን ሠርተን፣ ልጅ አስተምረን የኖርንበት በር የተከፈተው በዚያ ነው። በሌሊት ተረኛ ሆነን የምንታመነው በእነርሱ አባቶችና እናቶች ሕይወት ላይ ነው።

ስለዚህ የምለምናችሁ ጥቂት ነገር ነው። የኦክስጅን ቁጥሩ ደህና ሆኖ ሰውዬው «አየር አነሰኝ» ካለ ሰውዬውን እመኑ፤ ሐኪሙን ጥሩ፣ የደም ምርመራ ይጠየቅ። ድድ፣ ምላስ፣ የዓይን ሽፋን ውስጥ፣ መዳፍ እዩ፤ ያያችሁትንም በቀለሙ ስም ጻፉ፤ «ደህና» የሚል ቃል ብቻ ጽፋችሁ አትለፉ። ለአረጋውያን በምታደርጉት እንክብካቤ ተረከዝና ጭራ አጥንት በእጅ ይዳሰስ። በየክሊኒካችሁ የኩላሊትና የሳንባ ውጤት የሚሰላው በየትኛው ቀመር እንደሆነ ጠይቁ፤ አሮጌው ቀመር አሁንም ከተገኘ ኃላፊያችሁን በጽሑፍ አሳውቁ። በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ የጤና ቀን ስታዘጋጁ ከደም ግፊትና ከስኳር ጎን ስለ ኮዴይን ለወላዶቻችን ንገሩ። መዝገብ ቤት የምትሠሩ ልጆች ደግሞ ቀና ብላችሁ አይታችሁ አትጻፉ። ጠይቁ። ሰውዬው ስለራሱ የሚለውን ጻፉ። በእረፍት ክፍል ያች «ግን» ስትነሳ ዝም አትበሉ፤ ታላቃችሁም ብትሆን፣ ቡና ያፈላችላችሁም ብትሆን፣ በአክብሮት «እትዬ፣ ይህን አትበይ» በሏት። እኔን ያረመኝ እንዲህ ያለ አንድ ልጅ ነው፤ ከሁለት ቀን በላይ አኩርፌው ነበር፤ ዛሬ እመርቀዋለሁ።

አዛውንቱ በዘጠነኛው ቀን በእግራቸው ወጥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት ልጅቱ ክፍላቸው ገብታ ይቅርታ ጠየቀቻቸው። እጇን ይዘው ረዘም ያለ ጊዜ ቆዩ፤ ምን እንዳሏት እኔ አልሰማሁም፤ እርሷም አልነገረችኝም።

ልጄ፣ ይህን ደብዳቤ እንደምታነቢው አውቃለሁ። ስምሽን አልጻፍኩም፤ መጻፍም አያስፈልግም፤ ያን ሌሊት የሆነው በእኔም በጀማሪነቴ ሆኖ ነበር፤ የእኔዋ ሕመምተኛ ግን አልተረፉም። ሐሙስ ሌሊት አብረን ተረኛ ነን። የኪስ ባትሪ ይዘሽ ነይ።

አክባሪያችሁ እኅታችሁ፣
የሌሊት ተረኛ ነርስ፣ ሜሪላንድ